ደስ የማይለኝን ክኒን ለምን እፈልገው ነበር?

ይህን የምጽፈው አሁን ክኒን ላይ ላላችሁ፣ ለማቆም እየታገላችሁ ላላችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ ግራ ለገባችሁ ነው። የእኔ ሱስ ትራማዶል ነበር። የሌላው ሄሮይን ይሆናል፣ አልኮል ይሆናል፣ ኮኬይን ይሆናል። ዕፁ ይለያይ እንጂ አንጎል ውስጥ የሚሆነው ነገር ብዙው ይመሳሰላል። እኔ ከሱስ መውጣት የጀመርኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሲገባኝ ነው። እውቀት ብቻውን ሱስ አያስጥልም፣ እሱን አልዋሻችሁም። ከምን ጋር እንደምትታገሉ ካላወቃችሁ ግን ጉልበታችሁ የሚያልቀው ባልሆነ ቦታ ነው።

አጀማመሩ አጭር ነው። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘልኝ። ትራማዶል እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመን ውስጥ ለገበያ የቀረበ ማስታገሻ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሞርፊን ያነሰ ሱስ ያስይዛል ተብሎ ስለታመነበት ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነበር። ሕመሜ ጠፋ። ከሕመሙ ጋር ግን ሌላም ነገር አብሮ ጠፋ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ጭንቀት ነበረብኝ፤ ክኒኑን በወሰድኩ በሰዓት ውስጥ ደረቴ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ብድግ ይልልኛል። ሰው ፊት መናገር አይከብደኝም። ሥራ አይሰለቸኝም። ቁስሉ ዳነ፣ ክኒኑ ግን ቀጠለ።

አንጎላችን የራሱ ማስታገሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 ካንዴስ ፐርት እና ሰለሞን ስናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሞርፊንና መሰሎቹ የሚያርፉባቸው ተቀባዮች አንጎል ውስጥ መኖራቸውን አሳዩ። ታዲያ ከተክል የሚወጣ ነገር የሚያርፍበት ቦታ እኛ ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ፣ አበርዲን ተገኘ። ጆን ሂውዝ እና ሃንስ ኮስተርሊትዝ አንጎል ራሱ የሚያመርታቸውን ተመሳሳይ ኬሚካሎች ለይተው አወጡ። ኢንዶርፊን እየተባለ የምንሰማው የዚሁ ዘመድ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ሕመምን ያስታግሳሉ፣ ያረጋጋሉ፣ በልክ ነው የሚለቀቁት። ክኒኑ የሚይዘው ይህንኑ ቦታ ነው፣ ልክ ግን አያውቅም።

ስለ ትራማዶል አንድ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ክኒኑ ራሱ ተቀባዩ ላይ ያን ያህል ኃይል የለውም፣ ጉበት ሲለውጠው ነው የሚበረታው። ይህን የሚሠራው የጉበት ኢንዛይም ደግሞ በዘር ምክንያት ከሰው ሰው ይለያያል። ሁለት ሰዎች እኩል መጠን ወስደው አንዱ ምንም ሳይሰማው ሌላው ትንፋሹ እስኪያጥር ሊደርስ ይችላል። "ጓደኛዬ ወስዶ ምንም አልሆነም" የሚለው ነገር ለእናንተ ምንም ዋስትና አይሆንም።

ከዚያ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ይመጣል። መሃለኛው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚለቁ ሴሎች አሉ፣ እነዚህን ደግሞ እንደ ፍሬን የሚይዙ ሌሎች ሴሎች አሉ። ትራማዶል፣ ሞርፊን፣ ሄሮይን ሁሉም ፍሬኑን ያላላሉ። ኮኬይን በሌላ በኩል ነው የሚመጣው፣ የተለቀቀው ዶፓሚን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያግዳል። አልኮልና ኒኮቲንም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። የሚደርሱበት ቦታ ግን አንድ ነው፤ ዶፓሚኑ በተፈጥሮ ሊሆን ከሚችለው በላይ ይወጣል፣ አንጎልም "ይሄ ነገር ለሕይወቴ ያስፈልገኛል፣ እንዳትረሳው" ብሎ ይመዘግበዋል። ምዝገባው የተሠራው ከረሃብ፣ ከጥም፣ ከፍቅር ጋር እኩል ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሱስ የያዘውን ሰው "ዝም ብለህ ተወው" ማለት የተራበን ሰው "ዝም ብለህ አትራብ" ከማለት ብዙ አይርቅም። ሲሉኝ ስለከረሙ አውቀዋለሁ።

አንጎል ደግሞ ከልክ ያለፈ ነገር ሲመጣበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ራሱን ያስተካክላል። ተቀባዮቹ ይደነዝዛሉ፣ አንዳንዶቹም ከሴሉ ላይ ይነሳሉ። በመጀመሪያ አንድ ክኒን የሰጠኝን ነገር ለማግኘት ሁለት አስፈለገኝ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መጠኑ ሲጨምር የባህርይ ድክመት ይመስለኝ ነበር። ሴሎቼ ግን ሥራቸውን ነበር የሚሠሩት።

በዚህ መሃል ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ነገር መጣ። ሌላው ነገር ሁሉ ለዛውን አጣ። የእህቴ ልጅ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም እንደ ድሮው ውስጤ ፍክት አይልም። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ ውስጤ ግን ጭጭ። ሙዚቃ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጓደኞቼ ሲስቁ የምስቀው እንዳይታወቅብኝ ነበር። እኔ ይህን ያየሁት እንደ ክፋት ነው፣ ልቤ የደነደነ፣ ሰው መውደድ ያቃተኝ መስሎኝ ነበር። የአሜሪካን ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት የመሩት ኖራ ቮልኮቭና ሌሎች ተመራማሪዎች የኮኬይን፣ የሜታምፌታሚን፣ የሄሮይንና የአልኮል ሱስ ያለባቸውን ሰዎች አንጎል በምስል አጥንተዋል። በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዲ2 የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች ከሌላው ሰው አንሰው ነው የተገኙት። አንጎል ለትልቅ ጎርፍ ራሱን ካዘጋጀ በኋላ የሕፃን ልጅ እቅፍ የሚያመጣው ትንሽ ነገር አይሰማውም። ይህ በቤተሰብ ዘንድ ብዙ ቅያሜ ያመጣል፤ "እኛን መውደድ ትቷል" ይላሉ። ፍቅሩ አልሞተም፣ የሚሰማበት መንገድ ነው የደነዘዘው።

መጨረሻ አካባቢ ክኒኑም እንደዚያው ሆነ። ደስታ የሚባል የለም፣ መረጋጋት የለም። ከአልጋ ለመነሳት፣ ኖርማል ሰው ለመምሰል ብቻ ነበር የምወስደው። የሚገርመው ደስታው በቀነሰ ቁጥር ፍላጎቱ መጨመሩ ነው። ሊያልቅብኝ ሲል የሚይዘኝ ነገር መጀመሪያ ላይ፣ ገና ደስ ሲለኝ በነበረበት ጊዜ፣ ከነበረው በብዙ የበለጠ ነው። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ለራሴም።

ትራማዶል ከሌሎቹ ኦፒዮይዶች፣ ማለትም ከሞርፊንና ከሄሮይን ወገን ካሉት፣ የሚለየው ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን የአንጎል ኬሚካሎችም ስለሚነካ ነው። መጠኑ ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ አንቀጥቅጦ ሊጥል ይችላል። እኔንም ጣለኝ፣ ሥራ ቦታ፣ ሰው ፊት። ስነቃ ምላሴ ተነክሷል፣ የት እንዳለሁ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ እጄን ይዛ ወደ አእምሮ ሐኪም የወሰደችኝ።

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ስንት እንደምወስድ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ፊታቸው አልተለወጠም። ያ ነገር ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረውን ጠየቅኳቸው።

"ዶክተር፣ ክኒኑ እኮ ደስ አይለኝም። ወስጄውም ደስ አይለኝም። ታዲያ ለምንድን ነው እንደዚህ የምፈልገው?"

"ልጄ፣ መፈለግና መውደድ አንጎል ውስጥ አንድ አይደሉም" አሉኝ። "አንተ ላይ የታመመው መፈለጉ ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ ሁሉንም ነገር የቀየረው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ካናዳ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስ እና ፒተር ሚልነር አንድ ሙከራ አሳተሙ። አይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ አንድ ማንሻ በተጫነች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲደርሳት አደረጉ። አይጦቹ ሳይታክቱ ይጫኑ ጀመር። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚጫኑ፣ ምግብ ትተው የሚጫኑ ነበሩ። የደስታ ቦታ ተገኘ ተባለ። ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ነው የሚለው ዛሬም ድረስ የምንሰማው ወሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ አስተሳሰብ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬንት በሪጅ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦችን አጠና። አይጦቹ ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ አይነኩትም። ሰው ካላበላቸው በረሃብ ይሞታሉ። ስኳር አፋቸው ላይ ጠብ ሲደረግላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ ደስ ይላቸዋል ማለት ነው። የጠፋው መፈለጉ ነው። የዶፓሚኑ ሥርዓት ሲቀሰቀስ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ለምግቡ የሚያደርጉት ሩጫ ይጨምራል፣ ከንፈር መላሳቸው ግን አይጨምርም።

ይህ የእኔ ታሪክ ነው። ዕፁ ደጋግሞ የነካካው የመፈለጉን ክፍል ነው፣ እሱ እየተሳለ ሄደ፣ መደሰቱ ግን እየደነዘዘ ሄደ። ሁለቱ ተለያዩ። ሰዎች ሱስ ያለበትን ሰው ሲያዩ ደስታውን እያሳደደ ነው ይላሉ፣ "ስለተመቸው ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። በኋላ ግን የሚመች ነገር የለም። እናንተም ክኒን ይዛችሁ "አልወደውም፣ ግን እወስደዋለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" ብላችሁ ከሆነ አላበዳችሁም፤ የፍላጎቱ ክፍል ብቻውን እየነዳችሁ ነው።

የሚፈልገው ክፍል ደግሞ ይማራል፣ በጣም በፍጥነት ይማራል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ያሳየውን ልንገራችሁ። ጦጣዋ ሳታስበው ጭማቂ ስታገኝ የዶፓሚን ሴሎቿ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ሲደጋገም ግን ሴሎቹ ጭማቂውን ትተው መብራቱ ላይ ይነቃሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። የእኔ መብራት የክኒን ማሸጊያ ሲፈነዳ የሚያወጣው ጠቅ የምትል ድምፅ ነበረች። ክኒኑን ሳልውጥ፣ ድምፁን ስሰማ ብቻ፣ ሰውነቴ ቀለል ይለዋል። ኬሚካሉ ገና አፌ ውስጥ ነው፣ ጉበቴ ጋ አልደረሰም። በተቃራኒው እጄን ኪሴ ስከት ማሸጊያው ባዶ ከሆነ የሚሰማኝ ውድቀት ልክ እንደ ሐዘን ነው።

ምልክቱን ልብ ማለት እንኳ አያስፈልግም። አና ሮዝ ቻይልድረስ የተባለች ተመራማሪ ከቡድኗ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ጥናት ለኮኬይን ሱሰኞች ከኮኬይን ጋር የተያያዙ ሥዕሎችን ለ33 ሚሊ ሰከንድ ብቻ አሳየቻቸው። ያን ያህል አጭር ስለሆነ ምን እንዳዩ አያውቁም። አንጎላቸው ውስጥ ያለው የስሜትና የፍላጎት ክፍል ግን ነቅቷል። "ዝም ብሎ መጣብኝ፣ ምንም ሳላስብ እግሬ ወሰደኝ" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሰበብ እየፈጠረ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። እሱ ሳያውቅ አንጎሉ አይቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ "ቆይ" ሊል የሚገባው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ነገን የሚያስበው፣ የሚመዝነው፣ የሚከለክለው እሱ ነው። እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ስለሆነ በጉርምስና የጀመረ ሰው ላይ አደጋው ይብሳል። ሱስ ሲቆይ ይህ ክፍል ይዳከማል። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ ንዴት የባሰ ያዳክሙታል። እኔ ላይ ማታ ማታ ድራሹ ይጠፋል። ጠዋት ላይ ቆራጥ ነኝ፣ እምላለሁ፣ ለእናቴ ቃል እገባለሁ፣ ቃሌም ከልቤ ነው። ማታ ላይ የገባሁትን ቃል የማስታውሰው ሌላ ሰው የተናገረው ነገር ያህል ነው። ጠዋት የማለው እኔ እና ማታ የሚወስደው እኔ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተራ የሚለዋወጡ ሁለት ክፍሎች ነበሩ።

ስለዚህ ዶክተሯ ያስተማሩኝ ነገር ጠዋት ላይ ያለው ሰው ለማታው ሰው ሁኔታውን እንዲያመቻችለት ነው። ፍላጎቱ ከመጣ በኋላ ፊት ለፊት ልግጠመው ማለት ብዙ ጊዜ መሸነፍ ነው። ፍላጎቱን የሚቀሰቅሰው ነገር እንዳይደርስ ማድረግ ግን ይቻላል። ገንዘቤን ወንድሜ ያዘልኝ። ክኒኑን የማገኝባቸውን ሰዎች ስልክ ሌላ ሰው አጠፋልኝ፣ ቁጥሬንም ቀየርኩ። የምመላለስበትን መንገድ ለወጥኩ። ቤት ውስጥ የማንኛውም መድኃኒት ማሸጊያ እንዳይኖር ተደረገ፣ የእናቴ የደም ግፊት ክኒን እንኳ በብልቃጥ ሆነ፣ ያቺን ድምፅ እንዳልሰማ። ማታ ብቻዬን አልሆንም። ይህ ሁሉ የሕፃን አያያዝ ይመስላል፣ መጀመሪያ አሳፍሮኝም ነበር። ግን ሠራ።

ስለ ማቆሙ ደግሞ። ዶክተሯ በአንድ ቀን አላስቆሙኝም፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ ኖርአድሬናሊን የሚያመነጨውን የአንጎል ግንድ ክፍል ይጫነዋል፣ አንጎል ደግሞ ለማካካስ ይህን ክፍል ያበረታዋል። ጫናው ድንገት ሲነሳ ይፈነዳል። ሀራራው ሲነሳ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ አፍንጫና ዓይን ይፈሳል፣ ያዛጋል፣ ቆዳ እንደ ተነጨ ዶሮ ይሆናል። አንጀት ውስጥም እነዚያው ተቀባዮች ስላሉ ሆድ ይገለበጣል። እግር አልጋ ላይ አልቀመጥ ይላል። ትራማዶል ላይ ደግሞ የሴሮቶኒኑ ነገር ይጨመራል፤ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረው የሚሰማ ነገር አለ፣ ከባድ ፍርሃት አለ፣ አንዳንዱ ሰው የሌለ ነገር ያያል። አስቀድሞ ስለተነገረኝ እያበድኩ አልመሰለኝም።

ይህን ለአልኮል እና እንደ ዲያዜፓም ላሉ ማረጋጊያ ክኒኖች ሱሰኞች አጥብቄ ልንገራችሁ፤ እነዚህን ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወስዱ ኖሮ በድንገት ማቆም ሊያንቀጠቅጥ፣ ሊገድልም ይችላል። ቤተሰብ በቅንነት ክፍል ውስጥ ቆልፎ "እስኪወጣለት" የሚያስቀምጠው ሰው ሊሞትበት ይችላል። እባካችሁ፣ እባካችሁ ያለ ሐኪም አታድርጉት።

ሀራራው ሲያልፍ ሁሉም ሰው አለቀ ብሎ እልል አለ። ለእኔ ግን ከባዱ ያኔ ነው የጀመረው። አካሌ ጸድቷል፣ ክብደት ጨምሬያለሁ፣ አምሮቱ ግን ከመቀነስ ይልቅ በሳምንታት ውስጥ ጭራሽ እየባሰ መጣ። የማልድን መሰለኝ። ይህም የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአይጦች ጥናት ኮኬይን ከተቋረጠ በኋላ በምልክት የሚቀሰቀሰው ፍላጎት ወዲያው ከማቆሙ ቀን ይልቅ ከሳምንታት በኋላ እንደሚበረታ አሳይቷል። ከተቋረጠ ሁለት ወር ገደማ ድረስ እየጨመረ ነው የሄደው። አምሮት ቢበረታባችሁ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ያኔ ነው ሰው አጠገባችሁ የሚያስፈልገው፣ ያኔ ነው ደግሞ ሁሉም "ዳነ" ብሎ የሚበተነው።

እኔ ላይ አገርሽቶ ያውቃል። ብዙ ሰው ላይ ያገረሻል፤ ባለሙያዎች ከ100 ሰው ከ40 እስከ 60 የሚሆነው ላይ እንደሚያገረሽ ይናገራሉ፣ እንደ ደም ግፊትና አስም ካሉ የቆዩ በሽታዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። ደም ግፊቱ የተነሳበትን ሰው ማንም "አንተ አትረባም" አይለውም። ግን ማገርሸቱ ላይ ሊገድል የሚችል ነገር ስላለ ቀጥታ ልናገር። ስታቆሙ ሰውነት የለመደውን ይረሳል፣ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል እንደ ድሮው አይቋቋምም። ፍላጎቱ ግን የሚያስታውሰው የድሮውን መጠን ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው ከሕክምና ወይም ከእስር በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የድሮውን ያህል ወስዶ ነው።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ሼፐርድ ሲገል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሮይን የለመዱ አይጦችን ከሁለት ከፈላቸው። ከፍ ያለውን መጠን በለመዱት ክፍል ከወሰዱት ይልቅ በአዲስ ክፍል የወሰዱት በእጥፍ ገደማ ሞቱ። ሰውነት በለመደበት ቦታ ለዕፁ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ በእንግዳ ቦታ ግን ሳይዘጋጅ ይያዛል። ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ኦፒዮይዱን ከተቀባዩ ላይ ገፍቶ ትንፋሽ ይመልሳል። የምትኖሩበት ቦታ የሚገኝ ከሆነ ቤት ውስጥ ይኑር፣ ቤተሰብም አጠቃቀሙን ይወቅ። ትራማዶል ላይ ትንፋሹን እንጂ መንቀጥቀጡን ስለማያስቆም ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርም።

ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ሱስ ሜታዶን እና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። "አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው" የሚል ሰው ይበዛል። እኔ አልስማማም። ተቀባዩን ቀስ ብለው፣ ለረጅም ሰዓት ይይዙታል፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነገር ይቀራል፣ ሰውየው ሥራ ይሄዳል፣ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል። የሞት አደጋም ይቀንሳል። ሰው በሕይወት ይቆይ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ተስፋ የሰጠኝን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን ይወስዱ ነበር፣ ከ100 ወደ 20 የሚጠጉት እዚያ እያሉ ሱስ ይዟቸው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሱትን ተከታትለው አጠኑ። እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም ሱስ ውስጥ የገቡት ከ100 ወደ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። ምልክቶቹ፣ ፍርሃቱ፣ ዕፁ በየደጁ መኖሩ፣ ሁሉም ሩቅ አገር ቀረ። ሁላችንም አገር መቀየር አንችልም። ግን በዙሪያችን ያለው ነገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አንጎልም ይጠገናል። ቮልኮቭና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሜታምፌታሚን ካቆሙ ከዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን የሚመልሰው ክፍል በእጅጉ አገግሞ ተገኝቷል። ዓመት የሚለውን ልብ በሉ። ሳምንት አላልኩም። እኔ ላይ ደስታ የተመለሰው አንድ ቀን በድንገት አይደለም፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። መጀመሪያ የተመለሰው ሳቅ ነው። ሙዚቃው ብዙ ዘገየ። እየጠበቃችሁ ያላችሁ ሰዎች ገና ስላልመጣ ብቻ አይመጣም አትበሉ፣ በተለይ ደግሞ "እንዲህ ሆኜ ከምኖር" ብላችሁ ወደ ክኒኑ አትመለሱ። ያ ባዶነት የእናንተ እውነተኛ ማንነት አይደለም፣ ያልዳነ ቁስል ነው። በየቀኑ በእግር መሄድ፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ከሰው ጋር መዋል ለእኔ ረድቶኛል፣ ደስ ሳይለኝም እያደረግኩት።

ቤተሰብ ለሆናችሁ። ንዴታችሁ ይገባኛል፣ ተዋሽታችኋል፣ ገንዘብ ጠፍቶባችኋል። ገንዘብ አትስጡ፣ መድኃኒት ቆልፉ፣ ወሰን አብጁ፣ ይህ ሁሉ ልክ ነው። ስድብና ማዋረድ ግን ጭንቀት ነው፣ ጭንቀት ደግሞ ያንን የተዳከመውን "ቆይ" ባይ ክፍል የባሰ ያዳክመዋል። እናቴ ጮኻብኝ አታውቅም ማለት አልችልም። እኔን የያዘኝ ግን ማታ ማታ ምንም ሳትናገር አጠገቤ መቀመጧ ነው። ከዘር የሚመጣ ድርሻም አለ፣ ለሱስ ተጋላጭ ከመሆን ግማሽ ገደማው በዘር የሚወሰን ነው ይባላል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ የተያዘበት ቤት ለሌሎቹ ልጆች ማስታገሻ ሲታዘዝ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

አሁን ክኒን ላይ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ እውነተኛውን መጠን ተናገሩ። አሳፍሯችሁ ግማሹን ብቻ ካላችሁ ቅነሳው ከተሳሳተ ቁጥር ይጀምራል፣ ሀራራው ይበረታል፣ ሕክምናው አልሠራም ብላችሁ ትወጣላችሁ። ሌላ የምትወስዱት ነገር ካለ፣ የድብርት መድኃኒትም ቢሆን፣ ከትራማዶል ጋር ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ሊያበዛ ስለሚችል እሱንም ንገሩ። ማንቀጥቀጥ ገጥሟችሁ ከሆነ በተለይ እሱን አትደብቁ። አፋችሁ አልላቀቅ ካለ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ ወይም የምታምኑት ሰው ይዛችሁ ግቡና እሱ ይናገርላችሁ።